ስንት መጣልህ?

የኬሚስትሪ የቤት ሥራ የያዙ ሁለት ተማሪዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት መጣልህ?» ልብ በሉ፣ «እንዴት ሠራኸው?» አይደለም፤ «ስንት አገኘህ?» እንኳን አይደለም። መልሱ እንደ ሩቅ ዘመድ በራሱ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ የተማሪው ድርሻ በር ከፍቶ መጠበቅ ብቻ ነው። «2.7 መጣልኝ» ይላል አንዱ። «ለእኔም 2.7» ይላል ሌላው፤ ሁለቱም እፎይ ይላሉ፣ ደብተሩም ይዘጋል። እንግዳው ከየት መጣ፣ የማን ልጅ ነው፣ ምን ይዞ መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። 2.7 ኪሎ ይሁን 2.7 ሊትር ወይስ 2.7 ብር አልታወቀም። በሌላው ጉዳይ ሁሉ እንግዳን ከነዘር ማንዘሩ ካልመረመርን እንቅልፍ የማይወስደን ሰዎች፣ ኬሚስትሪ ላይ ስንደርስ እንዲህ ቸር የሆንንበት ምክንያት ለእኔ እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም።

የማነሳት ነገር ከኬሚስትሪ ሁሉ ትንሿ ናት፤ መለኪያና እፍግታ። እፍግታ ብዬ ብጽፍም ተማሪው የሚያውቃት «ዴንሲቲ» በሚለው ስሟ ነው። መጠነ ቁስን ለይዘት ማካፈል፣ አለቀ። ለዚህች ትንሽ ነገር አርባ ምንጭ ላይ የተሰለፈው ረዳት ግን ብዙ ነው። ካምፓስ የገባ ታላቅ ወንድም አለ፤ ከተማዋ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ከሆነው፣ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ከተከፈተው ተቋም ጋር ስለኖረች በየሰፈሩ አንድ «ኢንጂነር» አይታጣም። በሰዓት የሚከፈለው አስጠኚ አለ። የተሠራ ወርክሺት የሚያባዛ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ቴሌግራም አለ። ጥያቄውን በስልክ ፎቶ አንስተው ሲልኩለት ቡናው ሳይፈላ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም መጥቷል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ መልሱን ያውቁታል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው ባይ ነኝ። ለዚህ የቤት ሥራ ከሁሉ የሚሻለው ረዳት መልሱን የማያውቅ ሰው ነው፤ በተለይም ሲቀላ ገበያ ድንችና ሽንኩርት ሸጣ የምትመለስ፣ ኬሚስትሪን በስሙ እንጂ በመልኩ የማታውቅ እናት። መሣሪያዋ አንዲት ቃል ናት፤ «የምን?»

ገበያ ውስጥ ቁጥር ብቻውን አይሄድም። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ሰፈር የሚወጣ ባለባጃጅ «ሃያ» ቢል፣ ተሳፋሪው እግሩን ከማስገባቱ በፊት «ለሰው ነው ለኮንትራት?» ብሎ ያጣራል። ያላጣራ ሰው ሴቻ ሲደርስ ጠብ ይጠብቀዋል። «ሃያ ብር ለአንድ ሰው» ማለት አንዱን መጠን ለሌላው ማካፈል ነው፤ «ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ» ከሚለው ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሻጯም «ስልሳ» ስትል መደቡን ነው ኪሎውን? መደቡን ከሆነ ከታች ያለው ድንች እንደ ላይኛው ነው? በጣሳ ከሆነ ልክ ነው ቁልል? ይህን ሳይጠይቅ ገንዘብ የሚቆጥር ሸማች በገበያው ሁሉ ይታወቃል፤ በናፍቆትም ይጠበቃል። ያው ጠያቂ ሰው ግን ማታ የልጁን ደብተር ሲገልጥ፣ «2.7» ከሚለው ሥር ሁለት መስመር ተሰምሮ ካየ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ሁለት መስመር የተሰመረበትን ቁጥር ማን ደፍሮ ይጠረጥራል?

እፍግታም ቢሆን ለእናትየዋ አዲስ አይደለም፤ የማታውቀው ስሙን ነው። ጨንቻ ድንችም አፕልም የሚያበቅል ደጋ ነው። ሁለቱን አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሏቸው፤ አፕሉ ይንሳፈፋል፣ ድንቹ ዱብ ብሎ ይሰምጣል። ቡጢ የምታህል ድንች ቡጢ ከሚያህል አፕል እንደምትከብድ እጇ ያለ ሚዛን ያውቃል። የአፕሉ ሥጋ ውስጥ ከይዘቱ ሩብ ያህል አየር አለ፤ ድንቹ ግን ድፍን ነው፣ ከውሃ ጥቂት በልጦ 1.08 ገደማ ይሆናል። ወደ ቆላው ወረድ ሲሉ የላንቴና የጫኖ ሚሌ ሙዝ አለ፤ እሱም ከነልጣጩ ይንሳፈፋል። ዶርዜ ቤት ከገባችሁ ደግሞ ባዘቶውን ተመልከቱ። የተነደፈው ጥጥ ጭን ሙሉ ነው፤ ተፈትሎ ድውር ሲሆን መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ ሚዛን ላይ ግን ያው ነው። ኪሎ ጥጥና ኪሎ ብረት የቱ ይከብዳል የሚለው የልጆች ማታለያ ፈታይዋ ፊት አይሠራም። ተማሪው ግን ይህን ሁሉ ትቶ በሦስት ማዕዘን ይምላል፤ ከላይ ማስ፣ ከታች ዴንሲቲና ቮልዩም፣ የሚፈልጉትን በጣት ሸፍኖ የቀረውን ማንበብ። ሦስት ማዕዘኑን የገለበጠ ዕለት ዓለሙ አብሮት ይገለበጣል። ዩኒቱን ያስተዋለ ልጅ ሽፈናው አያስፈልገውም፤ «ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ» የሚለው ስም ራሱ ማን ለማን እንደሚካፈል ይናገራል።

አሁን የቤት ሥራውን እንክፈተው። ጥያቄው የተለመደው ነው፤ 54 ግራም የሚመዝን ቁራጭ ብረታ ብረት 30 ሚሊ ሊትር ውሃ ባለበት መስፈሪያ ውስጥ ሲገባ ውሃው ወደ 50 ከፍ ይላል፤ እፍግታው ስንት ነው? በኪሎ ግራም በሜትር ኩብስ? የመጀመሪያው ችግር የለበትም፤ 54ን ለ20 ማካፈል ነው፣ 2.7 ይመጣል። ይህ የአሉሚኒየም ቁጥር ነው፤ እናትየዋ ወጥ የምትሠራበት ድስት ማለት ነው። እንግዳው መልኩን ቀይሮ የሚመጣው ሁለተኛው ላይ ነው። ግራም ወደ ኪሎ ሲለወጥ ለሺህ ይካፈላል ብሎ የያዘ ልጅ 0.0027 ይመጣለታል፤ ሁለት መስመር ያሰምርበታል። ከታች ያለው ሴንቲ ሜትር ኩብም መለወጥ እንዳለበት ዘንግቶታል። ከጋዞች ሁሉ ቀላሉ ሃይድሮጅን እንኳ 0.09 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ነው። የልጁ ድስት እንግዲህ ከሃይድሮጅን ከሠላሳ ጊዜ በላይ ይቀልላል፤ በገመድ ካላሰሩት ወጡን እንደያዘ ጨንቻን አልፎ ይሄዳል። ካምፓስ ያለው ወንድም ይህን ሲያይ «ኧረ 2700 ነው!» ይላል። ልጁም 0.0027ን ሰርዞ 2700 ይጽፋል። እንግዳ በእንግዳ ተተካ እንጂ ከሁለቱም አልተዋወቀም። 0.0027ን ያየችው እናትየዋ ብትሆን ግን፣ 2700 ይሁን 27 ስለማታውቅ ያላት መንገድ መጠየቅ ብቻ ነው። «የምን 0.0027?» «የኪሎ።» «በምኑ?» «በሜትር ኩብ።» «ሜትር ኩብ እንደ ሮቶው ነው?»

ሮቶው ላይ ትንሽ እንቆይ። በየግቢው ብረት ላይ የተሰቀለው ባለ 1000 ሊትር ታንከር የሚይዘው ልክ አንድ ሜትር ኩብ ነው፤ ሲሞላ ውሃው ብቻውን 1000 ኪሎ፣ ማለትም 10 ኩንታል ይመዝናል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን ነው። የውሃ ቆጣሪውም የሚያነበው በሜትር ኩብ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ በየወሩ ከሂሳብ ደረሰኙ ጋር ቤት ይገባል። ተማሪው ግን አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነው ካሉት አንድ ሜትር ኩብም 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው ብሎ ይጽፋል። 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሊትር አንድ አሥረኛ ነው፤ ከቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም። በዚህ ሂሳብ ያ ሁሉ ብረት ተበይዶ የቆመው አንድ ሲኒ ውሃ ለመሸከም ነው። ሃምሳ ጀሪካን ቀድቶ የሚያውቅ ልጅ ይህን ለመቀበል ወገቡ አይፈቅድለትም። መቶ ጊዜ መቶ ጊዜ መቶ፣ አንድ ሚሊዮን መሆኑን ያኔ ይቀበላል። ድስቱንም ወደ ሮቶው ማምጣት ይችላል፤ ሮቶ ሙሉ ውሃ 10 ኩንታል ከሆነና አሉሚኒየም ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ሮቶ ሙሉ አሉሚኒየም ከ10 ኩንታል መብለጡ የግድ ነው። 27 ኩንታል ልክ ይመስላል። 0.0027 ኪሎ ግን ሁለት ግራም ተኩል ምናምን ነው፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያነሰ። እናትየዋ እስክርቢቶ ሳትነካ ስህተቱ ተያዘ።

«ይህ የልጅነት ስህተት ነው፣ ሲያድጉ ይተዉታል» የሚል አይጠፋም። ያደጉት ምን እንዳደረጉ እንይ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል ተነስቶ በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ሊበር ነበር። የነዳጅ ጠቋሚው ስለተበላሸ ነዳጁ በዘንግ ተለካ፤ 7,682 ሊትር ተገኘ። ለጉዞው 22,300 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ሊትርን ወደ ኪሎ የሚለውጠው የነዳጁ እፍግታ ነው፤ 0.8 ኪሎ ግራም በሊትር ገደማ። ሠራተኞቹ እጅ ላይ የነበረው ቁጥር ግን 1.77 ነበር፤ እሱም በእርግጥ የነዳጁ እፍግታ ነው፣ ነገር ግን በፓውንድ። 7,682 በ1.77 ተባዛ፤ 13,597 መጣላቸው። ከ22,300 ተቀነሰ፤ 8,703። ለ1.77 ተካፈለ፤ 4,917 ሊትር። ያንኑ ቀድተው ሄዱ። መቀዳት የነበረበት 20,000 ሊትር ያህል ነበር። ማባዛቱ ልክ ነው፣ መቀነሱም ማካፈሉም ልክ ነው፤ የትኛውም መምህር ራይት የሚያደርገው ሥራ ነው። ሁለቱም ሞተሮች ሰማይ ላይ ጠፉ። ካፒቴኑ ሞተር አልባ ተንሸራታች ማብረር ይችል ስለነበር ጊምሊ በምትባል ቦታ የቀድሞ የአየር ኃይል ማኮብኮቢያ ላይ አሳረፈው፤ የነበሩት 69 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። ላምባ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ያየች ሴት እዚያ ቆማ ቢሆን ኖሮ አንድ ሊትር ነዳጅ 1.77 ኪሎ ሊሆን እንደማይችል ለማወቅ የበረራ ትምህርት አያስፈልጋትም ነበር፤ የውሃን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነገር ይሰምጣል እንጂ አይንሳፈፍም። ቢያንስ «1.77 የምን?» ትል ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሱ ከተማሪው ይመጣል፤ ጠንካራም ነው። «ፈተናው ምርጫ ነው፤ ከእኔ የሚፈለገው ፊደል ነው፤ ዩኒት ብጽፍ ባልጽፍ ማን ያያል?» እውነት አለው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ስለሆነ በዩኒት ላይ አላላክከውም። ነገር ግን የምርጫ ጥያቄ እንዴት እንደሚወጣ አስቡት። ፈታኙ ትክክለኛውን መልስ አንዱ ፊደል ላይ ካስቀመጠ በኋላ የቀሩትን ሦስት ቦታዎች በምን ይሞላል? ተማሪው ሊሳሳት በሚችልባቸው መንገዶች ነው እንጂ። 2700 «ለ» ላይ ከተቀመጠ 0.0027 «ሀ» ላይ፣ 270 «ሐ» ላይ፣ ሦስት ማዕዘኑን የገለበጠው 0.37 ደግሞ «መ» ላይ ወንበር ይዘው ይጠብቁታል። ስለዚህ «ስንት መጣልህ?» ብሎ የኖረ ልጅ የፈተና ቀን የመጣለትን ቁጥር ምርጫው ውስጥ ሲያገኘው ይደሰታል። ስህተቱ ከእሱ ቀድሞ ፈተና ክፍል ገብቶ እንደተቀመጠ አያውቅም። ምርጫ ባልሆነ ፈተና ቢያንስ መጠራጠር ይቀረው ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቋንቋ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው፤ ልጁ ቤቱ ጋሞኛ፣ ሰፈሩ አማርኛ፣ ደብተሩ እንግሊዝኛ ነው፤ እናት በየትኛው ትግባ? ይህኛውን በግማሽ እቀበላለሁ። የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ሲረዝም፣ «የተፈናቀለው ውሃ» የሚለው ሐረግ በባዕድ ቋንቋ ሲመጣ፣ እናት መግቢያ የላትም፤ እዚያ ላይ ካምፓስ ያለው ወንድም ቢተረጉም ይጽደቅ። ዩኒቱ ግን ከቋንቋዎቹ ሁሉ በፊት ገበያ ገብቷል። ኪሎ፣ ግራም፣ ሊትር፣ ሜትር፣ ኩንታል በየትኛውም ቋንቋ ያው ናቸው። ሴቻ ያለ ሱቅ ይሁን ጨንቻ ገበያ፣ «ሩብ ኪሎ» ያለውን ሰው ማንም አስተርጓሚ አይጠራለትም። እንዲያውም በኬሚስትሪ ደብተሩ ውስጥ እናቱ ማንበብ የምትችለው ክፍል ዩኒቱ ብቻ ነው፤ ልጁ ደግሞ የሚዘለው እሱኑ ነው።

አራተኛውን ተቃውሞ የሚያነሱት መምህራን ናቸው። የገበያ መለኪያ ግምት ነው፤ የአንዷ ጣሳ ከሌላዋ ጣሳ አይገጥምም፣ ክንድም እንደ ባለክንዱ ነው፤ ሳይንስን በዚህ ማስረዳት ልጁን ማሳሳት ነው ይላሉ። አገሪቱም ሜትርና ኪሎን በሕግ ያጸደቀችው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ ለዚሁ ነው። ትክክል። ግን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚለው ተረት የተፈጠረው ቁና ከቁና እንደሚለያይ በሚያውቅ ሕዝብ መካከል ነው፤ አባይ ሚዛን የሚል ስም ያወጣውም ይኸው ሕዝብ ነው። መለኪያ እንደሚዋሽ የሚያውቅ ሰው መለኪያውን ይጠይቃል። ምርቃቱንም አትናቁት፤ ሻጯ ጣሳውን ሰፍራ ሦስት አራት ፍሬ ስትጨምር «ልኬቴ እስከዚህ ድረስ ሊያጎድል ይችላል» ማለቷ ነው፤ የላቦራቶሪው ሰው ይህንኑ መደመርና መቀነስ በአንድ ምልክት ጽፎ ይኮራበታል። ደግሞስ የውሃ እፍግታ 1 የሆነው ከሰማይ ወርዶ ነው? ፈረንሳዮች በ1790ዎቹ ግራምን ሲፈጥሩ የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ ክብደት ይሁን ብለው ስለወሰኑ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለው ብሂል እነሱም ጋ ሠርቷል ማለት ነው። የምንጯ ከተማ ልጅ ይህን ቁጥር እንደ ተአምር መሸምደዱ ይገርማል። አንድ ሊትር በምትይዝ የውሃ ሃይላንድ ዘይት ቢሞላባት 920 ግራም ገደማ፣ ጥሩ ማር ቢሞላባት 1400 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ማር በሊትር ሊገዛና በኪሎ ሊሸጥ የተነሳ ነጋዴ ኬሚስትሪ ሳይማር ይህን ያውቃል፤ ማሩ ውስጥ ውሃ የጨመረበትም ሰው ያውቃል፣ በሌላ ምክንያት።

የእናትየዋ እውቀት ወሰን የለውም እያልኩ አይደለም። 2.70 እና 2.7 አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ የሚለው ክርክር ላይ ትቀራለች፤ አሥር ላይ ትንሽ ቁጥር ተንጠልጥላ ስታይም ዝንብ ያረፈበት መስሏት ልትጠርገው ትችላለች። ደክሟትም ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት ናት። ግን የምትጠየቀው አንዲት ቃል ናት፣ እሷንም ምድጃው ሥር ሆና ልትላት ትችላለች። ይህን የምታደርገው ሰው ወተት ሻጭ ልትሆን ትችላለች፣ አባት ሊሆን ይችላል፣ ባለባጃጅ ጎረቤትም ያው ነው። አስጠኚውም ቢሆን ክፍያውን ሳይቀንስ ለአንድ ሰዓት መልሱን እንደማያውቅ ቢያስመስል እቃወመው አልነበረም፤ ለአንዳንዱ ማስመሰሉም ላያስፈልግ ይችላል።

ማታ ነው እንበል። ልጁ ወለሉ ላይ ደብተሩን ዘርግቷል፤ እናቱ ድስት እያጠበች ነው።

«ጨረስክ?»

«2700 መጣልኝ።»

«የምን?»

«ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ። አሉሚኒየም ነው እማዬ፣ ይሄ ድስትሽ።»

«ከውሃ ይከብዳል?»

ልጁ እስክርቢቶውን አፉ ውስጥ አድርጎ ሮቶውን አሰበ፤ አሥር ኩንታል፣ ሃያ ሰባት ኩንታል። «ይከብዳል። ይሰምጣል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ!» ሁለት መስመር አሰመረበት።

ዞር አለችና ሳፋውን በእግሯ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። ድስቱ ባዶውን፣ ጀርባውን ሳሙና እንደለበሰ፣ ውሃው ላይ ቀስ እያለ ይሽከረከራል።

«ታዲያ ይሄ ለምን ተንሳፈፈ?»